የዘገየ እንጂ የጠፋ አይደለም፤ የእንቁላል ዕጢ መታወክና የመፀነስ ተስፋ በደብረ ታቦር ደጋ



ከደብረ ታቦር ከተማ ወደ ምሥራቅ ሲመለከቱ የጉና ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ቆሞ ይታያል። ከግርጌው አንሥቶ በፋርጣ፣ በእስቴ፣ በላይ ጋይንትና በታች ጋይንት የተዘረጋው ደጋ የገብስ፣ የባቄላና የድንች አገር ነው። በዚህ አገር ትዳር ሲመሠረት ሁለት ነገሮች ይታሰባሉ፤ አንደኛው መሬት፣ ሁለተኛው ልጅ ነው። መሬቱን የሚያርሰው፣ የአባቱን ስም የሚያስጠራው፣ ወላጆቹን በእርጅናቸው የሚጦረው ልጅ ስለሆነ የልጅ መዘግየት የባልና የሚስት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ከሠርጉ በኋላ አንድ ዓመት ሲሞላ ጎረቤት ይጠይቃል፤ ሁለት ዓመት ሲሞላ አማት ታዝናለች፤ ከዚያ በላይ ሲዘገይ ደግሞ በሰማንያ የተሳሰረው ትዳር በሽማግሌ ፊት እስከ መቅረብ ይደርሳል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ጣት የሚቀሰረው ወደ ሴቲቱ ነው፤ የሚሰጣትም ስም አንድ ነው፤ መካን።

ይህ ስም በሚገባ ሳይመረመር የሚሰጥ ስም ነው። መካን ማለት ፍሬ የሌለበት ማለት ሲሆን፣ በዚህ ስም ከሚጠሩት ሴቶች መካከል ግን በማህፀናቸው አጠገብ በሚገኙት ሁለት ዕጢዎች ውስጥ እንቁላል የሞላላቸው፣ ነገር ግን እንቁላሉ በጊዜው የማይለቀቅላቸው ጥቂቶች አይደሉም። የዚህ ዓይነቱ መታወክ በሕክምና ቋንቋ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድሮም ይባላል። እንቁላል ባለመለቀቁ ምክንያት ለሚመጣው የመፀነስ ችግር በዓለም ዙሪያ ዋነኛው መነሻ እርሱ ነው። በመውለድ ዕድሜ ላይ ከሚገኙ 100 ሴቶች 10 ያህሉን እንደሚነካ የሚገመት ሲሆን፣ ከእነዚህም አብዛኞቹ ሕመሙ እንዳለባቸው አያውቁም። ይህ ንግግር ሊያስረዳ የሚሻው ዋና ነገር በአጭሩ ይህ ነው፤ በዚህ ሕመም የተያዘች ሴት ፍሬዋ የዘገየ እንጂ የጠፋ አይደለም፤ የሚያስፈልጋት እርዳታም በአብዛኛው ከመኖሪያዋ ርቆ የሚገኝ አይደለም።

የሕመሙ ምንነት

ሕመሙ በሐኪሞች ዘንድ በሰፊው መታወቅ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1935 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ኧርቪንግ ስታይንና ማይክል ሌቨንታል የተባሉ በአሜሪካ የቺካጎ ከተማ ሐኪሞች የወር አበባቸው የጠፋባቸውና የእንቁላል ዕጢዎቻቸው የገዘፉ 7 ሴቶችን ታሪክ ጽፈው አቀረቡ። በዚያን ዘመን መድኃኒት ስላልነበረ የዕጢውን ከፊል በቀዶ ሕክምና ቆርጠው አወጡ። የ7ቱም ሴቶች የወር አበባ ተመለሰ፤ 2ቱም ፀነሱ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አንድ ቁም ነገር ግልጽ ሆነ፤ የወር አበባ መጥፋት የማህፀን መሞት ማለት አይደለም።

በጤነኛ ሴት ዕጢ ውስጥ በየወሩ ጥቂት ትንንሽ ከረጢቶች ማደግ ይጀምራሉ፤ ከእነርሱም አንዱ ብቻ በርትቶ ይበስልና በውስጡ ያለውን እንቁላል ይለቃል። በዚህ ሕመም በተያዘች ሴት ግን ብዙ ከረጢቶች በአንድ ጊዜ ማደግ ጀምረው ከመንገድ ይቀራሉ። ቡቃያው ጥቅጥቅ ብሎ በቅሎ አንዱም ሳያሸት እንደሚቀር ማሳ ማለት ነው። በአልትራሳውንድ ሲታዩ ዕጢውን ከብበው የሚገኙት ጥቃቅን ጥቁር ክቦች እነዚሁ ከመንገድ የቀሩ ከረጢቶች ናቸው። ስለዚህ የሕመሙ ስም ራሱ አሳሳች ነው። ሲስት ሲባል ብዙ ሰዎች በቀዶ ሕክምና መውጣት ያለበት እባጭ ይመስላቸዋል። እውነቱ ግን እባጭም ሆነ ነቀርሳ አለመሆኑ ነው።

ከረጢቶቹ ከመንገድ የሚቀሩበት ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። ከዘር የሚወረስ ዝንባሌ አለበት፤ ስለሆነም እናት ወይም እኅት ተመሳሳይ ችግር እንደነበረባቸው መጠየቅ ይገባል። ከዚህም ሌላ የብዙዎቹ ሴቶች አካል ስኳርን ወደ ሥራ ለሚያስገባው ኢንሱሊን ለተባለው ሆርሞን በቀላሉ አይታዘዝም። አካል ሲያምፅ ቆሽት ኢንሱሊኑን አብዝቶ ያመነጫል፤ የበዛውም ኢንሱሊን የእንቁላል ዕጢውን እየነካካ አንድሮጅን የተባሉትን የወንድ ሆርሞኖች ከመጠን በላይ እንዲያመርት ያደርገዋል። የእነዚህ ሆርሞኖች መብዛት በአንድ በኩል የከረጢቶቹን መብሰል ያሰናክላል፤ በሌላ በኩል ደግሞ በአገጭና በከንፈር ላይ ጠጕር፣ በፊት ላይ ብጉር እንዲበዛ ያደርጋል። በገጠር አገጯን በነጠላዋ ጫፍ እየሸፈነች የምትቀርብ ወጣት ሴት ምናልባት የምትሸፍነው ዓይን አፋርነትዋን ሳይሆን ይህንኑ ምልክት ሊሆን ይችላል። ይህን በርኅራኄና ለብቻዋ መጠየቅ የባለሙያው ፈንታ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 ዓ.ም. በሆላንድ የሮተርዳም ከተማ የተሰበሰቡ ሊቃውንት ለሕመሙ መለያ ሦስት ነገሮችን አስቀምጠዋል። አንደኛው የወር አበባ መዛባት ወይም መጥፋት፣ ሁለተኛው የወንድ ሆርሞን መብዛት በአካል ላይ ወይም በደም ምርመራ መታየቱ፣ ሦስተኛው በአልትራሳውንድ የሚታየው የዕጢው መልክ ነው። ከሦስቱ ሁለቱ ከተገኙና ሌላ ምክንያት አለመኖሩ ከተረጋገጠ ሕመሙ አለ ይባላል። ከእነዚህ መካከል የመጀመሪያው በጥያቄ፣ ሁለተኛው አብዛኛውን ጊዜ በዓይን የሚታወቅ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ሁለቱ ግልጽ ሆነው በተገኙባት ሴት ላይ አልትራሳውንድ የግድ እንደማያስፈልግ እ.ኤ.አ. በ2023 ዓ.ም. የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ ያስረዳል። ይህም ማለት ከጤና ጣቢያ የምትሠራ አዋላጅ ነርስ መሣሪያ በእጇ ባይኖርም እንኳ ሕመሙን ልትጠረጥርና በትክክለኛው መንገድ ልትመራ ትችላለች ማለት ነው።

ስለ ወር አበባ አጠያየቅ

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም አጠያየቁ ጥበብ ይጠይቃል። በወር በወሩ ይመጣል ወይ ተብላ የተጠየቀች ሴት አዎን ብላ ልታልፍ ትችላለች፤ ኀፍረትም አለ፣ ቀን ቆጥሮ አለመያዝም አለ። በደጋው አገር ዘመን የሚለካው በበዓላት ስለሆነ በዚያው መጠየቅ የተሻለ ነው። ከመስቀል እስከ ጥምቀት ድረስ ያለው ጊዜ 114 ቀናት ያህል ነው። የወር አበባዋ የተስተካከለ ሴት በዚህ ጊዜ ውስጥ 4 ጊዜ ያህል ታያለች። አንድ ጊዜ ብቻ አየሁ ወይም ከናካቴው አላየሁም ያለች እንደሆነ መልሱ ተገኝቷል። በመጽሐፍ ደረጃ ሲነገር ከ35 ቀናት በላይ እየተራራቀ የሚመጣ ወይም በዓመት ከ8 ጊዜ በታች የሚታይ የወር አበባ የተዛባ ይባላል።

ይሁን እንጂ በዚህ ላይ አንድ ታላቅ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የወር አበባ ከጀመረች ገና ጥቂት ዓመት የሆናት ልጃገረድ መዛባቱ የተፈጥሮ ነው፤ እስኪረጋ እስከ 3 ዓመት ይወስዳል። በዚህ አገር ያለ ዕድሜ ጋብቻ ሥር የሰደደ ልማድ ሆኖ በመቆየቱ፣ ሕጉም የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት ብሎ ቢወስንም ልማዱ ፈጽሞ ስላልጠፋ፣ በ16 ዓመቷ ያልወለደች ተብላ ወደ ሐኪም ቤት የምትመጣ ልጅ ልታጋጥም ትችላለች። ለእርስዋ የሚያስፈልገው የመፀነሻ መድኃኒት አይደለም፤ ጥበቃና ጊዜ ነው።

ስሙ ከመሰጠቱ በፊት

የወር አበባው የተዛባ ሁሉ ይህ ሕመም አለበት ማለት ስሕተት ነው። በደቡብ ጎንደር ደጋ ላይ ተለይተው መታወቅ ያለባቸው ሌሎች ምክንያቶች አሉ።

የመጀመሪያው እርግዝና ራሱ ነው። የወር አበባዋ የተዛባ ሴት መፀነስዋን ሳታውቅ ወራት ሊያልፉ ይችላሉና ከማናቸውም መድኃኒት በፊት የሽንት ምርመራ መደረግ አለበት።

ሁለተኛው በመርፌ የሚሰጠው የእርግዝና መከላከያ ነው። በአገራችን ገጠር ከሌሎቹ መከላከያዎች ሁሉ በብዛት የሚወሰደው እርሱ ነው። መርፌው ማህፀንን አያደርቅም፤ ሆኖም ከተቋረጠ በኋላ የመፀነስ ችሎታ ወደ ቦታው ለመመለስ ብዙ ወራት፣ አንዳንድ ጊዜም ወደ አንድ ዓመት ሊወስድ ይችላል። የመጨረሻው መርፌ መቼ እንደተወሰደ ሳይጠየቅ የሚሰጥ ምክር ሁሉ ከንቱ ነው። ብዙ ጊዜም ሴቲቱ መርፌውን የወሰደችው ባሏና አማቷ ሳያውቁ ሊሆን ስለሚችል ይህ ጥያቄ ሰው በተሰበሰበበት ፊት አይቀርብም።

ሦስተኛው የእንቅርት ዕጢ መታወክ ነው። አዮዲን ከአፈሩ በተጠረገባቸው የኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች እንቅርት ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። የዚህ ዕጢ ሥራ ሲያንስ የወር አበባ ይዛባል፤ መፀነስም ይዘገያል። አንገትን በእጅ መዳሰስ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የተጠረጠረም እንደሆነ በደም ምርመራ ይለያል፤ ሕክምናውም የታወቀ ነው። እንደዚሁም ሳትወልድ ከጡቷ ወተት የሚወጣ ሴት ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን ሊታይላት ይገባል።

አራተኛውና እምብዛም የማይታሰበው የምግብ ማነስ ነው። ውኃ ከምንጭ፣ እንጨት ከገደል ተሸክማ የምትወጣ፣ ያመረተችውን ሸጣ ራስዋ ከሌሎች ተርፎ የሚደርሳትን የምትበላ ቀጭን ሴት የወር አበባዋ ሊቋረጥ ይችላል። ይህ አካል በችግር ጊዜ ራሱን የሚጠብቅበት ዘዴ ነው። ለእንዲህ ያለችው ሴት መፍትሔው ምግብና ዕረፍት ነው።

አምስተኛው የማህፀን ቱቦ መዘጋት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በብዙ አገሮች ባካሄደው ጥናት፣ በኢንፌክሽን ምክንያት የሚመጣው የቱቦ መዘጋት ከሌሎች ክፍለ ዓለማት ይልቅ በአፍሪካ በብዛት መገኘቱ ተገልጿል። ቀደም ብላ በወሊድ ወይም በውርጃ ጊዜ ትኩሳት የታመመች፣ ወይም የሳንባ ነቀርሳ የነበረባት ሴት ቱቦዋ ሳይመረመር እንቁላል እንዲለቀቅ ብቻ መድከም ፍሬ አይሰጥም።

ስለ አኗኗር የሚሰጥ ምክር

በዓለም መጻሕፍት የዚህ ሕመም የመጀመሪያ ሕክምና ተብሎ የሚጠቀሰው የአኗኗር ለውጥ ነው። ክብደቷ ከመጠን በላይ የሆነ ሴት ከክብደቷ ከ100 እጅ ከ5 እስከ 10 ያህሉን ብትቀንስ፣ በዚያ ብቻ የወር አበባዋ ሊስተካከልና እንቁላል መለቀቅ ሊጀምር ይችላል። ይህ ምክር በደብረ ታቦር፣ በወረታ ወይም በአዲስ ዘመን ከተማ ተቀምጣ በመሥራት ለምትውል፣ ለስላሳ መጠጥና ጣፋጭ ለለመደች ሴት የተገባ ነው። በቀን ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ፣ ስኳር የበዛበትን ሻይና ለስላሳ መቀነስ፣ በነጭ ዳቦና በፓስታ ፈንታ ገብስን፣ ባቄላን፣ ምስርንና አተርን ማዘውተር ለእርስዋ መድኃኒት ነው። የጾም ገበታ ለዚህ የተመቸ ነው፤ ሽሮና የምስር ወጥ ስኳርን በደም ውስጥ ቀስ አድርገው የሚለቁ ምግቦች ናቸውና።

ነገር ግን ይኸው ምክር ሳይመረመር ለቀጭኗ የገጠር ሴት ሲነገር ጉዳት ያደርሳል። ይህ ሕመም በቀጭን ሴትም ላይ ይገኛል። ከጉና ሥር ቀኑን ሙሉ ቁልቁለትና አቀበት ስትወጣና ስትወርድ ለምትውል ሴት እንቅስቃሴ ጨምሪ፣ ምግብ ቀንሺ ማለት ኑሮዋን አለማወቅ ነው። ከመጽሐፍ የተማሩትን ምክር እንዳለ ከመድገም በፊት ክብደቷን በሚዛን፣ ቁመቷን በመለኪያ ማየት ያስፈልጋል። ለቀጭኗ የሚነገራት ምክር በአንጻሩ በቂ መብላትን፣ እንቁላልና ወተት ባልተከለከለበት ወቅት እነዚህን ሸጦ ከመጨረስ ለራስዋ ማስቀረትን የሚመለከት ይሆናል።

ክብደቷ ከፍ ያለም ሆነ ዝቅ ያለ፣ ለመፀነስ የምትጥር ሴት ሁሉ በየቀኑ 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ከመፀነስዋ አስቀድማ መጀመር ይኖርባታል። የሕፃኑ አከርካሪና አንጎል የሚገጥሙት ሴቲቱ ገና እርጉዝ መሆኗን ሳታውቅ ስለሆነ፣ በእርግዝና ክትትል ጊዜ የሚጀመረው እንክብል ለዚህ ጉዳይ ዘግይቶ የሚደርስ ነው።

መድኃኒቶቹ

እንቁላል እንዲለቀቅ ለማድረግ ለረጅም ዘመን ሲያገለግል የኖረው ክሎሚፊን ሲሆን፣ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። እ.ኤ.አ. በ2014 ዓ.ም. በአሜሪካ 750 ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት ውጤት ሲወጣ ግን ሌትሮዞል የተባለው መድኃኒት እንደሚበልጥ ታወቀ። ሌትሮዞል ከወሰዱት 100 ሴቶች 27.5 ያህሉ በሕይወት ያለ ልጅ ሲወልዱ፣ ክሎሚፊን ከወሰዱት ደግሞ 19.1 ያህሉ ወልደዋል። ስለሆነም ዛሬ ለዚህ ሕመም የመጀመሪያው ምርጫ ሌትሮዞል ነው። ካልተገኘ ክሎሚፊን አሁንም አገልግሎቱን አላጣም።

ሌትሮዞል የሚወሰደው በአፍ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ የወር አበባ ከታየበት ከ3ኛው እስከ 7ኛው ቀን በየቀኑ 2.5 ሚሊግራም ይሰጣል። እንቁላል ካልተለቀቀ በሚቀጥለው ዙር መጠኑ ወደ 5፣ ከዚያም ወደ 7.5 ሚሊግራም ከፍ ይላል። የወር አበባዋ ለብዙ ወራት የጠፋባት ሴት እርጉዝ አለመሆንዋ ከተረጋገጠ በኋላ ለጥቂት ቀናት በሚሰጥ የፕሮጄስትሮን ዓይነት መድኃኒት እንዲመጣ ይደረጋል። መድኃኒቱ በሐኪም ትእዛዝና ክትትል እንጂ ከመድኃኒት ቤት በራስ ገዝቶ የሚዋጥ አይደለም፤ መንታ የመፀነስ ዕድል ከተለመደው ከፍ ይላልና።

በዚህ ላይ ባለሙያው አስቀድሞ ሊናገረው የሚገባ ነገር አለ። ሌትሮዞል መጀመሪያ የተሠራው ለጡት ነቀርሳ ሕክምና ነው። ማንበብ የሚችል ዘመድ የመድኃኒቱን ወረቀት ከፍቶ ይህን ሲያይ ሴቲቱ ነቀርሳ እንዳለባት ተደብቆባት የሚመስለው ይኖራል፤ መድኃኒቱም በዚያው ይጣላል። ሁለት ቃል አስቀድሞ መናገር ይህን ሁሉ ያስቀራል።

ሜትፎርሚን ለስኳር ሕመምተኞች የሚሰጥ የታወቀ መድኃኒት ነው። አካል ለኢንሱሊን እንዲታዘዝ ስለሚረዳ ለብቻው ወይም ከሌሎቹ ጋር ይሰጣል፤ ሆኖም ልጅ በማስገኘት ረገድ ለብቻው ከሌትሮዞል ያንሳል። በባዶ ሆድ ሲወሰድ ማቅለሽለሽና ተቅማጥ ስለሚያመጣ ከምግብ ጋር መወሰድ አለበት። እስከ 9 ሰዓት የምትጾም ሴት ጠዋት በባዶ ሆድ ውጣ ሲያማት መድኃኒቱን ትተወዋለች። ከጾሙ ገበታ ጋር እንድትወስደው ሰዓቱን አስተካክሎ መንገር ይገባል።

እነዚህ መድኃኒቶች ለጥቂት ዙሮች ተሞክረው ፍሬ ካልሰጡ ሴቲቱ ወደ ከፍተኛ ሕክምና መላክ ይኖርባታል። የደብረ ታቦር ሆስፒታል ዛሬ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ደረጃ የያዘ ሲሆን በከተማውም የጤና ባለሙያ የሚያሠለጥን ዩኒቨርሲቲ አለ። ከዚያ በላይ ለሆነው ባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ጎንደርም እ.ኤ.አ. በ1954 ዓ.ም. ከተመሠረተው የጤና ኮሌጅ ጀምሮ ለአካባቢው የባለሙያ ምንጭ ሆና ኖራለች። እንቁላልንና የወንድ ዘርን ከአካል ውጭ የማገናኘቱ ሕክምና በመንግሥት ሆስፒታል ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተጀምሯል። ነገር ግን አዲስ አበባ ከደብረ ታቦር ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያትም መንገድ መዘጋቱና መከፈቱ ብዙ ሕመምተኛ አጉላልቷል። ስለዚህ በቅርብ ሊሠራ የሚችለው ሁሉ በቅርብ ተሠርቶ ካላለቀ በቀር ማንንም ሴት ወደ ሩቅ መስደድ አይገባም።

ባልና የጊዜ ጉዳይ

ልጅ ማጣት ከሚያጋጥማቸው ባልና ሚስቶች በግማሽ ያህሉ የወንዱ ወገን ብቻውን ወይም ከሴቲቱ ጋር ተደምሮ ምክንያት ሆኖ ይገኛል። ቢሆንም ሚስት ለሦስት ዓመት ስትመላለስ ባል አንድ ቀን ከሐኪም ቤት ደጃፍ የማይደርስበት ጊዜ ብዙ ነው። የወንድ ዘር ምርመራ ከ2 እስከ 7 ቀናት ከግንኙነት ተቆጥቦ በመስጠት የሚከናወን ሲሆን፣ የሚፈልገው ዋና መሣሪያ ወባና ሳንባ ነቀርሳ የሚመረመርበት ማይክሮስኮፕ ነው። ሴቲቱ ከመድኃኒት በፊት፣ በተለይም ከቀዶ ሕክምና በፊት፣ ይህ ምርመራ መደረግ አለበት። ባልን ለመጥራት የሚረዳው ቃል ጥፋተኛን መፈለግ የሚመስል ሳይሆን፣ እርሻ ለማረስ ሁለት በሬ መጠመድ እንዳለበት ሁሉ ምርመራውም የሁለቱ መሆኑን በአክብሮት የሚያስረዳ ነው።

የጊዜው ነገር ደግሞ ከአገሩ ኑሮ ጋር መታየት አለበት። የወር አበባዋ የተዛባ ሴት ቀን ቆጥራ የምትፀንስበትን ሰዓት ልታውቅ አትችልም፤ የሚበጃት በየሁለት ወይም በየሦስት ቀኑ ከባሏ ጋር መገናኘት ነው። ነገር ግን ብዙ የደጋው ወንዶች ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ቆላ ወርደው ለወራት ይቆያሉ። በዐቢይ ጾም 55 ቀናትም ብዙ ባለትዳሮች በሃይማኖታቸው መሠረት ከግንኙነት ይታቀባሉ። ባል ቆላ በወረደበት ወይም ጾም በገባበት ወር የተዋጠ ሌትሮዞል በከንቱ የባከነ ገንዘብ ነው። ስለሆነም የመድኃኒቱ ዙር ሲታዘዝ አስቀድሞ ባልሽ መቼ ይመለሳል፣ ጾሙስ መቼ ይፈታል ብሎ መጠየቅ እንደ ደም ምርመራው ሁሉ የሕክምናው ክፍል ነው።

ጠበልና ሐኪም ቤት

በዚህ አገር ልጅ ያጣች ሴት አስቀድማ የምትሄደው ወደ ጠበል ነው። ይህን በንቀት የሚናገር ባለሙያ ሴቲቱን ለዘለቄታው ያጣታል። እምነትና መድኃኒት መጣላት እንደማይገባቸው የሚያስረዳ ምሳሌ በአገሪቱ አለ። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በተስፋፋበት ጊዜ ብዙዎች ጠበል ሲጠመቁ መድኃኒቱን ይጥሉ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ዓ.ም. ግን ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱን ከጠበሉ ጋር መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። ለመፀነስ ችግርም የሚያስፈልገው ይኸው መግባባት ነው። ጥንቃቄ የሚያሻው ሴቲቱ በጠበል ስፍራ ስትቆይ ያለ ምግብ ብዙ እንዳትሰነብት፣ ምንነቱ ያልታወቀ ሥር ቅጠል እንዳትጠጣ፣ ዕድሜዋም ሳታውቀው እንዳያልፍ ነው። ከ35 ዓመት በታች የሆነች ሴት አንድ ዓመት፣ ከ35 ዓመት በላይ የሆነች 6 ወር ሞክራ ካልፀነሰች ምርመራ መጀመር አለባት። የወር አበባዋ የተዛባ ከሆነ ግን አንድ ዓመት መጠበቅም አያስፈልጋትም።

ከተፀነሰ በኋላና ሳይፀነስ ሲቀር

የእርግዝና ዜና ሲሰማ ሥራው የተፈጸመ ይመስላል፤ ነገር ግን አልተፈጸመም። ይህ ሕመም ያለባት ሴት በእርግዝና ጊዜ የስኳር ሕመምና የደም ግፊት ከሌሎች ይልቅ ያሠጓታል። የደም ስኳሯ ገና ከመጀመሪያው፣ እንደገናም ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ሊመረመር፣ የደም ግፊቷም በየቀጠሮው ሊለካ ይገባል። ለዓመታት የተጠበቀ ልጅ በጤና ኬላ ደጃፍ ላይ በግፊት ምክንያት እንዳይጠፋ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እንዲህ ያለችውን እናት ለይተው ሊያውቋት ያስፈልጋል።

ልጅ የማትፈልግ ወይም የተሳካላት ሴትም ብትሆን የወር አበባዋ ከ3 ወር በላይ እየጠፋ እንዲቀር መተው አይገባም፤ የማህፀን ውስጠኛው ሽፋን ሳይታጠብ እየወፈረ ሄዶ በኋለኛው ዘመን ወደ ነቀርሳ ሊለወጥ ይችላልና።

ሁሉ ተደርጎ ልጅ ያልተገኘ እንደሆነስ? ባለሙያው የማይሆን ተስፋ መስጠት የለበትም፤ የሴቲቱን ክብር ግን ከማህፀንዋ ለይቶ ማሳየት ይችላል። የአዲስ አበባን ከተማ የቆረቆሩትና ስሟን ያወጡላት እቴጌ ጣይቱ ብጡል ልጅ አልወለዱም። ምክንያቱን ማንም ሊያውቀው አይችልም፤ መገመትም አያስፈልግም። የሚታወቀው ታሪክ ሲጽፋቸው በሥራቸው እንጂ በዚህ አለመሆኑ ነው።

የተከበራችሁ የማኅበሩ አባላት፤

ከጋይንት ተነሥታ በእግርና በመኪና ደብረ ታቦር የደረሰች፣ ሦስት ዓመት በመካንነት ስትጠራ የኖረች ሴት በካርድ ክፍል ፊት ስትቆም የሚያስፈልጓት መጀመሪያ ነገሮች ውድ አይደሉም። ከመስቀል እስከ ጥምቀት ስንት ጊዜ አየሽ ብሎ የሚጠይቃት ሰው፣ አንገቷን የሚዳስስና ክብደቷን የሚመዝን እጅ፣ ባሏን በአክብሮት የሚጠራ ቃል፣ ጥቂት የሌትሮዞልና የፎሊክ አሲድ እንክብሎች ናቸው። ከእነዚህም ሁሉ በፊት የሚያስፈልጋት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ለእርስዋ ብቻ ሳይሆን ከእርስዋ ጋር ለመጡት ለባሏና ለአማቷ ጭምር፣ ሆዷ እንዳልደረቀ፣ ፍሬዋም የዘገየ እንጂ የጠፋ አለመሆኑን፣ ነጭ ካፖርት የለበሰ ሰው በግልጽ አማርኛ ሲናገር መስማት ነው። ያን ቀን በሽማግሌ ፊት ሊቀርብ የነበረው ትዳር ምናልባት አንድ ዓመት ጊዜ ያገኛል፤ በዚህም ሕመም አንድ ዓመት ብዙ ነገር የሚሠራበት ጊዜ ነው።